በቀቀኗ ምን አለች?

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። መታወቂያ፣ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ምኑ ቅጡ፤ የከተማው ጉዳይ ሁሉ በእኔ ማሽን በኩል ያልፋል። መብራት ሲኖር ነው ታዲያ። መብራት ሲጠፋ ባለጉዳዮቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሰው ሲጠብቅ ያወራል። ሲያወራ ደግሞ ሳያስበው አንድ የማላውቀው ቃል ወይም አንድ ጉድ ከአፉ ያመልጠዋል። እኔም ለቀም!

ቃሉን መጀመሪያ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ ወረቀት ስፈልግ እንዳይጠፋብኝ። ማታ እጄን ከመታጠቤ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ በትልቁ እገለብጠውና ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። አንድ ጊዜ ከወግዲ የመጡ አባት ሊፈርሙ እስክሪብቶ ሲይዙ ጣታቸው አልታጠፍ አላቸው። «ቆፈን ይዞኝ ነው ልጄ፣ ትንሽ ላሙቀው» አሉኝ። እጃቸውን እስኪያሟሙቁ ድረስ እኔ በደስታ ቆሜ መቆየት አቅቶኝ ነበር። ብርድ ጣትን ሲያደርቀው የራሱ ስም አለው ማለት ነው! «ቆፈን» በዚያው ቀን ግድግዳዬ ላይ ወጣ። አጠገቡ ደግሞ ከየጋዜጣው ቀድጄ የለጠፍኳቸው ወሬዎች አሉ፦ መስታወት ውስጥ ካየው አውራ ዶሮ ጋር ሲደባደብ ስለዋለ አውራ ዶሮ፣ የጠፋ ቀለበቷን ዱባ ስትከትፍ ስላገኘች ሴት፣ በገዛ ሠርጉ ላይ እንቅልፍ ስለጣለው ሙሽራ። ደንበኞቼ ፎቶ ኮፒያቸውን ተቀብለው እንኳ ቶሎ አይወጡም፤ አንገታቸውን ሽቅብ ሰቅለው ያነባሉ።

የወሬዎቹ ዋና ምንጭ ከሱቄ ፊት ለፊት ቅመማ ቅመም፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡት ሐጂ ናቸው። ፌስታል ሊቀር ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሐጂ ወደ ጥንቱ መጠቅለያ ተመልሰዋል። ከደሴ አሮጌ ጋዜጣ በእስር ያስመጣሉ፣ ገጹን ለሁለት ይገምሱታል፣ እንደ ቀንድ ይጠመዝዙትና ቅመሙን ይሞሉበታል። እኔ ደንበኛቸው የሆንኩት ለቅመሙ ብቻ እንዳልሆነ ደህና አድርገው ያውቃሉ። በሩ ላይ ሲያዩኝ፣ «ዛሬስ የትኛውን ልስጥሽ፣ የሚበላውን ነው የሚነበበውን?» ይሉኛል።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ቀረፋ ገዛሁ። ሱቄ ገብቼ ቀረፋውን ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩና ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘረጋጋሁት። «ለአንድ ዓመት ያጨቃጨቀችው በቀቀን ችሎት ቀረበች» ይላል ርዕሱ። ወዲያው ወንበሬን ወደ ብርሃኑ ሳብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዲት ሩቅ የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ፀጉር አስተካካይና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም አንዲቱን አረንጓዴ በቀቀን «የኔ ናት» ይላሉ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ምስክሮች ቢሰሙም እውነቱ አልለይ ሲል ዳኛው በቀቀኗ ራሷ ከነሽቦ ቤቷ እንድትቀርብ አዘዙ። ቀረበች። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዳኛውን ለጥቂት ጊዜ ካስተዋለቻቸው በኋላ አፏን ከፈተችና

ወረቀቱ እዚህ ላይ አለቀ!

ገለበጥኩት፤ ጀርባው የጨረታ ማስታወቂያ ነው። መልሼ ገለበጥኩት። «አፏን ከፈተችና» ይላል፣ ከዚያ በኋላ የተቀደደ ጠርዝና የቀረፋ ሽታ ብቻ። ሱቄን ክፍት ትቼ፣ የአንድ ባለጉዳይ መታወቂያ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ፣ መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ።

«ሐጂ! በቀቀኗ ምን አለች?»

ሐጂ መደርደሪያቸውን በዓይናቸው ቃኙ። «በቀቀን የሚባል ቅመም የለኝም» አሉ።

«ቅመም አይደለም፣ ወፍ ናት! እንደ ሰው የምትናገር ወፍ። የሰማችውን ቃል ትደግማለች።»

«ታዲያ እኔ ሱቅ ምን አላት?»

ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው። «የባሕር ዳርቻ ከተማ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «ባሕር ዳር ከሆነማ የእህቴ ልጅ እዚያ ነው፤ አሁኑኑ ደውዬ እጠይቅልሻለሁ!» ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ እንደ ምንም አስቆምኳቸው። እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ ግን ሐጂም እንደ እኔው ሆኑ። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ጨረታውን አዩ፣ መለሱት።

«አጀብ!» አሉ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ እርስዎ ነዎት የቀደዱት!»

የጋዜጣውን እስር አውርደን ወለሉ ላይ ዘረገፍነው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው በርበሬው ማዶ፣ እኔ ሳሙናው ጥግ ተንበርክከን ገጽ በገጽ ፈተሽን። ሌላኛው ግማሽ የለም። ከእኔ ቀጥሎ ለመጣ ሰው አንድ ነገር ተጠቅሎበት ሄዷል። ማን እንደሆነ ሐጂ ትዝ አላላቸውም። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ወላሂ ይመጣልኛል፣ አብሽሪ፣ ጊዜ ስጪኝ ብቻ» አሉኝ።

ሰዎች «ለምን ስልክሽ ላይ አትፈልጊውም?» ይሉኛል። ኢንተርኔት የጠፋበት ሰሞን ነበር። ብልጭ ባለ ቀን ፈለግሁ፤ ያገኘሁት የወፍ መኖ ማስታወቂያ ነው።

እኔ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አለኝ። ወሬውን በትልቁ አባዝቼ በሬ ላይ ለጠፍኩና ከሥሩ «በቀቀኗ ምን አለች? የምታውቁ፣ ባታውቁም የምትገምቱ፣ ግቡ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! መብራት ባለበት ቀንም ሰው አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመረ።

የሚኒባስ ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሳበው!» ነው ያለችው ብሎ ማለ። አንዲት መምህርት፣ «‹ዝም በሉ!› ካላለች የመምህሩ አይደለችም» አለች። ተማሪዎቹ «ኔትወርክ የለም» ብላለች አሉና ተሳሳቁ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ቄስ መስቀላቸውን በጣታቸው እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «ወፏ የምትናገረው ቤት ውስጥ የሰማችውን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ የሚባለው ደግሞ ብዙ ነው። እኔ ባለቤቷን ብሆን ክሱን አቋርጥ ነበር።» አግዳሚው በሳቅ ተናጋ፤ እሳቸው ግን የቀለዱ አልመሰሉም።

ከሁሉ በላይ ነገሩን የያዘችው ጓደኛዬ ናት። የችሎት ጸሐፊ ናት፤ ምሳ ሰዓቷን እኔ ጋ ነው የምታሳልፈው። እሷ ለነገር ሁሉ ሥነ ሥርዓት አላት። «በመጀመሪያ ደረጃ» አለችኝ ሽሮዋን እየጠቀለለች፣ «ቃለ መሐላ አልፈጸመችም። በሁለተኛ ደረጃ፣ በቀቀኗ ራሷ ናት ክርክሩን ያስነሳችው። ንብረት እንዴት ምስክር ይሆናል?»

«እሺ፣ ግን ምን ያለች ይመስልሻል?»

ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠች። «እኛ ጋ ለዓመታት የሰማሁትን ከሆነ የምትለው፣ ‹ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠኝ› ነው።»

አንድ የገበያ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ጓደኛዬ እኔ ጋ ሆና ሳለ፣ ሐጂ መንገዱን እየሮጡ ተሻገሩ። ሐጂ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አብሽ! አብሽ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ «አብሽሪ»፣ አይዞሽ የሚሉኝ መስሎኝ፣ «ኧረ ምንም አልሆንኩም ሐጂ» አልኳቸው።

«አይ አንቺ! የሚበላውን አብሽ ነው የምልሽ! አሁን አብሽ ስመዝን ትዝ አለኝ። ከአንቺ ቀጥላ የመጣችው ያቺ የከላላዋ ቅቤ ነጋዴ ናት። አብሽ ነው የጠቀለልኩላት። ‹ደህና አድርገህ ጠቅልለው፣ መንገደኛ ነኝ› ስላለችኝ በዚያችው በግማሽዋ ላይ ሌላ ወረቀት ደርቤላታለሁ!»

«ስልኳን ያውቁታል?»

«ስልኳን አላውቅም። ቤቷን ግን ነግራኛለች፣ ከገበያው በላይ ባለ ሰማያዊ በር ነው። ሴት ልጅ አለቻት።»

ጓደኛዬን ተመለከትኳት። ምሳዋን እንኳ አልጨረሰችም። «ቅዳሜ ችሎት የለም» አለች።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ሐጂ ለቅቤ ነጋዴዋ የሚሰጥ ቀረፋ ጠቅልለው ሰጡን፤ በዚህ ጊዜ በባዶ ወረቀት። «ከአሁን ወዲያ መጀመሪያ ሳላነብ አልቀድም» አሉ። ሚኒባሷ ውስጥ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ታፍኗል። ጓደኛዬ አፏ መቼ ያርፋል፤ መንገዱ ገና ሳይጋመስ ተሳፋሪው ሁሉ ወዴትና ለምን እንደምንሄድ አወቀ። አንድ ጥቁር ካቦርት የለበሱ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ተጠጉና፣ «እንዲያው በቅሎ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር» አሉ። «ሁለቱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይቆማሉ፣ በቅሎዋ ትለቀቃለች፣ ሰጋሯ በቅሎ ጌታዋን አታጣም።» ጓደኛዬ ይህ አሠራር ተቀባይነት ያለው ማስረጃ ይሁን አይሁን ከሳቸው ጋር ስትከራከር፣ እኔ መዳፌ ላይ «ሰጋር» ብዬ ጻፍኩ። የሚሰማ ቃል ነው፣ ግን ተሳፋሪን ሳታንገላታ የምትሮጥ በቅሎ ማለት መሆኑን በልኩ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሚኒባሷ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሁላችንንም ጣሪያ ካስነካችን በኋላ፣ «ይቺ ግን ሰጋር አይደለችም» አሉ። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ከላላ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ከገበያው በላይ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አንድ ሳይሆን ብዙ ሆኖ አገኘነው፤ ያን ዓመት የመጣው ቀለም ሰማያዊ ብቻ ነበር መሰለኝ። «የቅቤ ነጋዴዋ» እያልን ጠይቀን በመጨረሻ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት በር ከፈተችልን። ከኋላዋ ፈርጠም ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደኋላ ያሰሩ ሴት ወጡ፤ እጃቸው በቅቤ አብረቅርቋል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ከመካነ ሰላም ነው የመጣነው፣ ሐጂ ናቸው የላኩን» አልኩ።

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ግቡ፣ ግቡ።»

ጓደኛዬ ለሥነ ሥርዓቱ ስትል ራሷን አስተዋወቀች። «እኔ ከፍርድ ቤት ነኝ።»

ሴትየዋ ይደነግጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «አልሐምዱሊላህ! አንቺን ነበር የምፈልገው! ነይ እስኪ፣ ይህን እዪልኝ፣ ይህ ፍርድ ነው?»

እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ቅቤ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ በላይ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ በሊጥ የተለጠፈች ግማሽ የጋዜጣ ገጽ! ጠርዟ እንደኔዋ ተቀዷል። ክፍሉ አብሽ አብሽ ይሸታል።

«አንብቢው» አሉ ለልጃቸው፤ «ጮክ አድርገሽ።»

ልጅቷ ማንበብ እንኳ አላስፈለጋትም፣ በቃሏ ትለዋለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።

«‹ቀጣይ ይግባ!› አለች። ድምጿ ጥርት ያለ ስለነበር በር ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ፋይሉን ታቅፎ ገባ። ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ይህን አነጋገር ከየት እንደለመደችው ግልጽ ነው ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ቤቱ እንዲወስዳት ወሰኑ። ፀጉር አስተካካዩ በደስታ አለቀሰ። መምህሩም ቅዳሜና እሁድ እየመጡ እንዲያዩዋት ተፈቅዶላቸዋል።»

ቀጣይ ይግባ! ፀጉር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚባለው! እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሴትየዋ ቀደሙኝ።

«ሰማሽ?» አሉ ለጓደኛዬ። «ሁለት ወንዶች ይጣሉባታል። አንዱ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዱ መምህር። ፍርድ ቤት ያቆሟታል። እሷ ደፋር፣ ዳኛው ፊት፣ ‹ሁለታችሁንም አልፈልግም፣ ቀጣይ ይግባ› ትላለች። ሦስተኛውም ወንድ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሮ ማስረጃውን ታቅፎ ገባ! ታዲያ ዳኛው እሷ ሌላ ስትል ለምን ለፀጉር አስተካካዩ ይሰጧታል? ይሁን፣ ሰጧት። መምህሩ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ይያት ይባላል? በሰው ትዳር? አንቺ የፍርድ ቤት ሰው ነሽ፤ እስኪ ንገሪኝ!»

ጓደኛዬን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን እያየች ነው። እኔ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ።

«እኛ ለዚች ሴት ስንት ተከራክረንላት!» ቀጠሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃታል። ይቺ ልጄ ደግሞ» ወደ ወጣቷ በአገጫቸው አመለከቱ፣ «ባለፈው ሽማግሌ ተልኮባት መጣ። ሰውየው ደህና ነጋዴ ነው፣ ዕድሜው ነው እንጂ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገሩን ገና ሲጀምሩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ቀጣይ ይግባ!›»

ልጅቷ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሌላ ቀን ቢሆን ይቆጡኝ ነበር» አለች። «ያን ቀን ግን እማዬ ራሷ ሳቀች። እኔም መማሬን ቀጠልኩ።»

እንግዲህ ምን ላድርግ? ቦርሳዬ ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ አለ። ባወጣው የእናትና የልጅ ጀግና ወፍ ልትሆን ነው። ባላወጣው ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለምንድን ነው? ለአፍታ ያህል ዝም ብዬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሴትየዋ ዓይኔን አይተው፣ «ምነው? አንቺ የምታውቂው ነገር አለ» አሉ። አወጣሁት።

«መጀመሪያው እኔ ጋ ነው ያለው» አልኩ።

እናትና ልጅ እኩል ጮኹ። ወንበር መጣ፣ እርጎ መጣ፣ ሁለት ጎረቤቶች በአጥር በኩል ተጠርተው መጡ። ሁሉም ተቀምጠው እኔ ብቻ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

«ለአንድ ዓመት ያጨቃጨቀችው በቀቀን ችሎት ቀረበች።»

«ስሟ በቀቀን ነው?» አሉ ሴትየዋ። «ያምራል። አዲስ ስም ነው።»

ጓደኛዬ ሳል የያዛት መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ቀጠልኩ። ጎረቤታሞቹ፣ ክሱ፣ ሽማግሌው። «ዳኛው በቀቀኗ ራሷ ከነሽቦ ቤቷ እንድትቀርብ አዘዙ» የሚለው ላይ ስደርስ ሴትየዋ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ሽቦ ቤት ውስጥ ነው ያሰሯት? ምን ባጠፋች!»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «እናቴ፣ አፉ በሉኝ። በቀቀን ወፍ ናት። እንደ ሰው የምትናገር አረንጓዴ ወፍ።»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እናቷን አየች። ሴትየዋ እየቆጠሩ እንዳለ ሰው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ታሪኩን በውስጣቸው እንደ አዲስ የሚያዘጋጁ ይመስላሉ። ፀጉር አስተካካዩ። መምህሩ። ፋይሉን ታቅፎ የገባው ሰውዬ። ቅዳሜና እሁድ።

«ወፍ!» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ የሳቁት ሳቅ! መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ጎረቤቱ ሁሉ... ለወፍ... ዱዓ አድርገንላታል እኮ!» እያሉ በቅቤያማ እጃቸው ጭናቸውን መቱ። አንደኛዋ ጎረቤት የእርጎ ብርጭቆዋን እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ተንሸራታ ወረደች። ጓደኛዬ የፍርድ ቤት ጨዋነቷን ጥላ እንባዋን በሻርፕዋ ትጠርጋለች። እኔ ጎኔን ይዤ መተንፈስ አቅቶኛል፤ ለማቆም ስሞክር ከመካከላችን አንዷ «ማስረጃውን ታቅፎ!» ትላለች፣ እንደገና እንጀምራለን።

ያልሳቀችው ልጅቷ ብቻ ናት። ወረቀቱ አጠገብ ሄዳ ቆማለች። እኔም ሳቄ ቀዘቀዘ።

ጓደኛዬም አየቻት መሰለኝ ጉሮሮዋን ጠረገች። ማጽናናቷ ነበር፣ ግን የምታውቀው አነጋገር አንድ ብቻ ነው። «በእርግጥ» አለች፣ «በሥርዓቱ ከሄድን በቀቀኗ ፈቃዷን አልገለጸችም። የለመደችውን ቃል ነው የደገመችው።»

ልጅቷ ዞር አለች። «እሷ የለመደችውን ነው ያለችው» አለች። «እኔ ግን የፈለግሁትን ነው ያልኩት።»

እናቷ ከወለሉ ተነሡ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠራረጉና የልጃቸውን ግንባር ሳሙ። «እሱን እኔም አውቃለሁ» አሏት። «ወፏማ ሰበብ ናት።» ልጅቷ ያኔ ሳቀች፤ ስትስቅ ድምጿ ከእናቷ ይበልጣል። ሳቋን ስትጨርስ እጇን ዘረጋችልኝ። «በይ የላይኛውን ስጪኝ። ራስ የሌላት ሆና ነው እስከ ዛሬ የኖረችው።»

ሊጥ መጣ። የእኔን ግማሽ ከእነሱ ግማሽ በላይ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥመን ለጠፍነው፤ ጥርሱ እንደ ተከፈለ ቂጣ ገጠመ። የታችኛዋን በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ከዚያ ልጅቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቋረጥ አነበበችው፣ «ቀጣይ ይግባ!» የሚለውን ሁላችንም አብረናት ጮኽን። ውጭ ያልፍ የነበረ አንድ ሰው እውነት የተጠራ መስሎት አንገቱን በበሩ ብቅ አደረገ። በቃ፣ እንደገና አለቅን።

መካነ ሰላም ስንመለስ ሐጂ ሱቃቸውን ለመዝጋት ተዘጋጅተው ሳይዘጉ ቆመው ጠበቁን። ስልኬን ዓይናቸው ሥር አድርገው አነበቡ፤ የከላላውን ታሪክ ስንነግራቸው ስኳር ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው «አጀብ! አጀብ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሰኞ መጨረሻውን በሬ ላይ ለጠፍኩት። ረዳቱ «ሳበው» ባለማለቷ ቅር ተሰኘ። ቄሱ «ቀጣይ ይግባ» የሚለውን አንብበው በእፎይታ ተነፈሱ፤ «ይህማ ጨዋ ቃል ነው» አሉ። ጓደኛዬ ችሎት ውስጥ ባለጉዳይ ስትጠራ ሳቋ እንዳያመልጣት አሁን በስም ብቻ ትጠራለች።

የከላላዋ ልጅ ግን የስልክ ቁጥሬን ወስዳ ነበርና፣ መስመር በተገኘ ቁጥር ትደውልልኛለች። ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ትጨርስና፣ «ዛሬ ለግድግዳሽ አለኝ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት የደወለችው መብራት ጠፍቶ አግዳሚው በሰው ሞልቶ ሳለ ነው። ድምጽ ማጉያው ላይ አደረግኋት።

«ላማችን ወለደች» አለች። «እንገር ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንገር ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ፣ መዳፌን እየገለጥኩ። አጠገቤ የነበሩ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ የመሬት ካርታ ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ ገበሬ ግን ከአግዳሚው ተነሥተው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፣ ፊታቸው በርቷል።

«ላም እንደወለደች መጀመሪያ የምትታለበው ወፍራሙ ወተት ነው እንጂ!» አሉ። «ቢጫ ይላል፣ እሳት ላይ ሲጣድ ይረጋል። አይ የእንገር ነገር! ልጄ፣ ጥጃው ምንድን ነው፣ ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት አባቴ!» አለች ልጅቷ ከከላላ።

«እሰይ!» አሉ። «ስሟን ማን አላችኋት?»

ስልኩ ውስጥ ከሩቅ የእናቷ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ እናትና ልጅ አብረው «በቀቀን!» ብለው ጮኹ፣ አግዳሚው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም መዳፌ ላይ የጻፍኩት ቃል በሳቅ እንባ ሲርስ እያየሁ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ።